ስልሳዎቹ የከሰል ንድፎች፦ ቫን ጎግ ሰው መሳልን እንዴት ተማረ?

ቪንሰንት ቫን ጎግን የማያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ስሙን ባታውቁት እንኳ ሥራውን በስልክ ሽፋን፣ በቲሸርት ወይም በሻይ ኩባያ ላይ አይታችሁታል፤ ያ የሚሽከረከረው የሌሊት ሰማይ፣ እነዚያ ቢጫ የሱፍ አበቦች። ስሙን የሚያውቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይነግሯችኋል። አንደኛው ጆሮውን በገዛ እጁ መቁረጡን ነው። ሁለተኛው ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ሊቅ እንደነበረ ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ግን ከታሪኩ ጋር አይገጥምም።

ቫን ጎግ ሠዓሊ ልሁን ብሎ የቆረጠው 27 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። ሥራውም ትምህርቱም አልሆን ብሎት፣ ኪሱ ባዶ ሆኖ፣ ቤተሰቡም ተስፋ ቆርጦበት ነበር። በደብዳቤዎቹ ላይ ከሚሞነጫጭራቸው ትንንሽ ንድፎች በቀር የሚታይ ሥራ አልነበረውም። የመጀመሪያ ንድፎቹን ብታዩ ሰዎቹ እንደ እንጨት የተገተሩ ናቸው። ይህ ሰው ነው እንግዲህ በአሥር ዓመት ውስጥ ዓለም የሚሰለፍለት ሠዓሊ የሆነው።

ዛሬ የምናወጋው ስለ ቢጫ አበቦቹ አይደለም። ከዚያ በፊት ስለነበረው አሰልቺ ሥራ፣ ሰው መሳልን ከሀ ሁ ጀምሮ ስለተማረበት መንገድ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪንሰንት የተወለደው ማርች 30 ቀን 1853 ነው፤ ደቡብ ኔዘርላንድስ ውስጥ ዙንደርት በምትባል መንደር። አባቱ የፕሮቴስታንት ፓስተር ነበሩ። አንደኛው አጎቱ ደግሞ ጉፒል የተባለው የፓሪስ ትልቅ የሥዕል ንግድ ድርጅት ሸሪክ ስለነበሩ፣ ልጁ በ16 ዓመቱ ዘ ሄግ ባለው ቅርንጫፍ ተቀጠረ። ከዚያ ወደ ለንደን፣ ቀጥሎ ወደ ፓሪስ ተዛወረ። በ1876 ተሰናበተ። እንግሊዝ ሄዶ በረዳት አስተማሪነት ሞከረ። ወደ አገሩ ተመልሶ ዶርድሬክት ከተማ በአንድ መጻሕፍት ቤት ሠራ። እንደ አባቱ የሃይማኖት አገልጋይ ልሁን ብሎ አምስተርዳም ውስጥ ለነገረ መለኮት ትምህርት መግቢያ ሲዘጋጅ፣ ላቲኑና ግሪኩ አልሆን አለውና ተወው።

በ1878 መጨረሻ ቤልጂየም ውስጥ ቦሪናዥ ወደሚባለው የድንጋይ ከሰል ማዕድን አካባቢ ወንጌል ሊሰብክ ሄደ። እዚያ ያየው ድህነት አላስቀምጠው አለ። ልብሱን ለድሆች ሰጠ፣ ደህና መኝታውን ትቶ ጎጆ ውስጥ መሬት ላይ መተኛት ጀመረ። የላኩት ሰዎች ግን ነገሩን አብዝቶታል ብለው በ1879 ውሉን ሳያድሱለት ቀሩ። ይህም አለቀ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ጠፋ። በጣም ለሚወደው ታናሽ ወንድሙ ለቴዎ እንኳ ደብዳቤ መጻፍ አቆመ። በ1880 አጋማሽ ላይ እንደገና ሲጽፍለት ግን የሚለው ነገር ነበረው። ብዙም ሳይቆይ እርሳስ አንስቷል፤ ከእንግዲህም አይጥለውም። ቴዎ ያኔ ፓሪስ ውስጥ በዚያው ጉፒል በተባለው ድርጅት ይሠራ ነበር። ወንድሙን ከማባረር ይልቅ ከደመወዙ እየቆረጠ ይልክለት ጀመር። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ።

እሺ፣ ወስኗል። ግን ከየት ይጀምራል? አስተማሪ የለም፣ ዩቲዩብ የለም፣ ያለበት መንደር የማዕድን ሠራተኞች መንደር ነው። ቪንሰንት ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። ዘ ሄግ ውስጥ ለነበረው የቀድሞ አለቃው ለቴርስቴግ ጻፈና የመማሪያ ንድፎች እንዲያውሰው ለመነው።

የመጣለት የሻርል ባርግ የሥዕል ትምህርት ነበር። ባርግ ይህን ትምህርት ከሠዓሊው ዣን ሊዮን ዤሮም ጋር አዘጋጅቶ ራሱ ጉፒል ነው ያሳተመው። በሦስት ክፍል የተከፈሉ 197 የታተሙ ንድፎች አሉት። አንደኛው ክፍል ከጄሶ ምስሎች የተወሰደ ነው፤ እጅ፣ እግር፣ ጆሮ፣ ፊት። ሁለተኛው የታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ ቅጂ ነው። ሦስተኛው በከሰል ለመለማመድ የተዘጋጁ 60 ገጾች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የራቁት ሰው አካል ንድፎች ናቸው። እነዚህ ስልሳዎቹ ጥላና ቀለም አይበዛባቸውም፤ መስመር ናቸው። ተማሪው አይኑን ከፍቶ መስመሩ የት እንደሚሰበር፣ የት እንደሚታጠፍ እንዲያይ ያስገድዱታል።

ሞክራችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ስንስል የምንስለው ያየነውን ሳይሆን የምናውቀውን ነው። ዓይን የሚገኘው ግንባር አካባቢ ይመስለናል፣ ስለዚህ ከፍ አድርገን እናስቀምጠዋለን። በእውነቱ ግን የዓይን መስመር የሚያርፈው ከራስ ቅሉ ጫፍ እስከ አገጭ ካለው ርቀት መሃል ላይ ነው። የቆመ አዋቂ ሰው ቁመት የራሱን ጭንቅላት ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል ይሆናል፤ ጀማሪ ግን አራት ወይም አምስት ያደርገዋል፣ ምክንያቱም ፊት ትልቅ ቦታ የሚይዘው በአእምሯችን ነው። ሰው በአንድ እግሩ ላይ ተደግፎ ሲቆም ክብደቱን በተሸከመው በኩል ዳሌው ከፍ ይላል፣ በዚያው በኩል ትከሻው ዝቅ ይላል። ይህን ያላየ ሰው የሚስለው ሰው ወታደር ይመስላል። የባርግ ንድፎች ሥራ ይህን የተሳሳተ እውቀት ከአእምሮ አውጥቶ በዓይን መተካት ነው።

ቪንሰንት ስልሳዎቹን አንድ በአንድ ቀዳ። ሲጨርስ እንደገና ጀመረ። ያረፈው አንድ የማዕድን ሠራተኛ ቤት ሲሆን፣ ትንሿን ክፍል ከባለቤቶቹ ልጆች ጋር ይጋራ ነበር። ሁለት አልጋ ከገባባት በኋላ መንቀሳቀሻም የላት። አየሩ ሲፈቅድ ግቢ ወጥቶ ይሠራል። ከባርግ ጎን ለጎን የፈረንሳዊውን የዣን ፍራንሷ ሚሌን ሥራዎች ይቀዳል፤ የሚዘራ ገበሬ፣ የሚቆፍር ገበሬ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ወደ ብራሰልስ ሄደ። እዚያ ሌላ ነገር ገባው። የሰው ላይኛው ገጽ ብቻውን አይበቃም፣ ከሥር አጥንት አለ። ለሠዓሊዎች ከተዘጋጀ የአናቶሚ መጽሐፍ ላይ አጽሙንና ጡንቻውን በትልልቅ ወረቀት ቀዳ። ክርን ለምን እንደሚሾል፣ ጉልበት ለምን ካሬ እንደሚመስል የሚገባው ከሥሩ ያለውን ላየ ሰው ነው። በከተማው የሥነ ጥበብ አካዳሚም ተመዘገበ፤ ግን ብዙ አልቆየም። ከዚያ ይልቅ የጠቀመው አንቶን ቫን ራፓርድ የተባለ ወጣት ሠዓሊ ነበር። ራፓርድ ባለጸጋ ቤተሰብ ያለው፣ በዕድሜ ከእሱ የሚያንስ፣ በትምህርት ግን የቀደመው ልጅ ነው። ስቱዲዮውን አካፈለው፤ ጓደኛሞች ሆኑ።

በ1881 ጸደይ ገንዘቡ ሲያጥረው ኤተን ወደሚባለው መንደር፣ ወላጆቹ ቤት ገባ። አሁን ከወረቀት ወደ ሕያው ሰው መሸጋገር ነበረበት። የመንደሩን ሰዎች እየለመነ፣ ሳንቲም እየከፈለ ያስቆማቸዋል፤ አካፋ የያዘ፣ ዘር የሚዘራ፣ መስፋት ላይ ያቀረቀረች ሴት። አንድ ነገር ግን አስቸገረው። ሰዎቹ ሊሳሉ ሲመጡ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከች ይላሉ። እሱ የሚፈልገው የሥራ ልብሳቸውን ነው፤ ጉልበቱ ላይ የተነፋውን፣ ክርኑ ላይ የተቀደደውን፣ ትከሻው ላይ የሰውየውን ቅርጽ የያዘውን። አዲስ ልብስ ገላን ይደብቃል፣ አሮጌ ልብስ ግን ገላን ይናገራል። የመንደሩ ሰው ይህ አይገባውም። ፎቶ ልንነሳ ስንል ልብስ የምንቀይር ሁሉ እነሱን መረዳት አይከብደንም።

በዓመቱ መጨረሻ ከአባቱ ጋር ክፉኛ ተጣላና ዘ ሄግ ገባ። እዚያ የአጎቱን ልጅ ያገባ አንቶን ሞቭ የሚባል ስመ ጥር ሠዓሊ ነበር። ሞቭ ቀለም አያያዝ አስተማረው፣ ገንዘብም አበደረው። ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆዩ ግን ተጋጩ። ለጠባቸው አንዱ ምክንያት ጄሶ ነበር። ሞቭ የጄሶ እጅና እግር እያየ እንዲለማመድ አዘዘው፤ ቪንሰንት ደግሞ የሚተነፍስ ሰው እያለ ለምን ብሎ ተናደደ። ቤቱ ሲገባ የጄሶ ቅርጾቹን የከሰል ማስቀመጫው ውስጥ ወርውሮ ሰባበራቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማየት ያለብን ነገር አለ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ‹ያው፣ ሊቅ አስተማሪ አያስፈልገውም› ለማለት ነው። ቪንሰንት ግን የሸሸው ከልምምድ አይደለም። ጄሶውን ከሰበረ በኋላ የገባበት ሥራ ከጄሶው የባሰ ነበር።

በ1882 መጀመሪያ ሲን ሆርኒክ የምትባል ሴት አገኘ። እርጉዝ ናት፣ ታማለች፣ አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻት፣ በሴተኛ አዳሪነት ነው የምትኖረው። አስጠጋት። እሷም ሞዴል ሆነችለት። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ‹ሐዘን› የሚለውን ንድፍ በእሷ ሠራ። ሴትየዋ ራቁቷን ተቀምጣ ፊቷን ክንዷ ላይ ደፍታለች። ፊቷ አይታይም፤ የሚያሳዝነው ጀርባዋ ነው፣ የተንጠለጠለው ጡቷ ነው፣ የተነፋው ሆዷ ነው። አንድ ዓመት ከምናምን ቀደም ብሎ ባርግን ሲቀዳ የነበረው እጅ አሁን በአንድ መስመር የሰው መከራ መናገር ጀመረ። ቤተሰቡና ወዳጆቹ ግን ከሴትየዋ ጋር በመኖሩ ፊታቸውን አዞሩበት። ቴዎ ብቻ መላኩን አላቆመም። በ1883 መኸር ላይ ቪንሰንትና ሲን ተለያዩ።

ዘ ሄግ ውስጥ ሌላም መሣሪያ አሠራ። አንጥረኛና አናጺ አስጠርቦ አራት ማዕዘን የእንጨት ፍሬም አዘጋጀ፤ መሃሉን በክር ወጠረው፣ ችካል ላይ ተከለው። በፍሬሙ ውስጥ ሲያይ ክሮቹ የሩቁና የቅርቡ ነገር መጠን የት ላይ እንደሚወድቅ ያሳዩታል። የስልካችሁን ካሜራ ከፍታችሁ ያንን ዘጠኝ ቦታ የሚከፍለውን መስመር አይታችሁ ከሆነ፣ አሠራሩ ይመሳሰላል። ይዞት የባሕር ዳርቻ ድረስ ይሄድ ነበር።

ከሞዴሎቹ አንዱ አድሪያኑስ ዛይደርላንድ የሚባሉ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። እኚህን ሰው ደጋግሞ ሳላቸው፤ ቆመው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ሲያነቡ። በኖቬምበር 1882 ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሳላቸው። ይህን ሥዕል አትርሱት፣ እንመለስበታለን።

ገንዘቡ ታዲያ አይበቃም። ቴዎ ከሚልከው ብዙው ለሞዴል ክፍያ ይሄዳል፤ ለምግብ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በዚያ ወቅት አጎቱ ኮርኔሊስ 12 የከተማ ንድፍ አዘዙት፤ እያንዳንዱ በሁለት ጊልደር ከሃምሳ፣ ባጠቃላይ 30 ጊልደር። ይህ ለሠዓሊነቱ ትልቅ ዜና ነበር።

ከ1883 መጨረሻ ጀምሮ ኑነን ወደምትባለው የገበሬዎች መንደር ገባ። ከ1884 እስከ 1885 ባለው ክረምት የገበሬዎችን ፊት ብቻ እያየ በአርባዎቹ የሚቆጠር ጥናት ሠራ። ከዚያ በኋላ ነው ‹ድንች ተመጋቢዎች› የተሰኘውን ትልቅ ሥራ የጀመረው። አንድ የገበሬ ቤተሰብ በኩራዝ ብርሃን ዙሪያ ተቀምጦ ድንች ይበላል። ድንቹን ከመሬት የቆፈሩት እነዚያው ወደ ሳህኑ የሚዘረጉት ወፍራም፣ አጥንታም እጆች ናቸው፤ ሥዕሉም ይህን ለማለት ነው የተሳለው። የዚህን ሥራ የታተመ ቅጂ ለጓደኛው ለራፓርድ ላከለት። መልሱ መራራ ነበር። የእጆቹ፣ የአካሉ አሳሳል ልክ አይደለም፣ ግዴለሽ ሥራ ነው አለው። ቪንሰንት ደብዳቤውን መልሶ ላከለት። አምስት ዓመት የቆየው ጓደኝነት በዚህ ተቋጨ።

ማን ልክ ነበር? ሁለቱም የየራሳቸው ልክ ነበራቸው። በአካዳሚው ሚዛን ከታየ ክንዶቹ አይገጥሙም። ቪንሰንት ግን በዚያ ዓመት ሌላ ነገር እየፈለገ ነበር። የሚቆፍር ሰው ሥዕል መጠኑ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሰውየው የማይቆፍር ከሆነ ምን ይረባል? ስለ ደላክሯ አሳሳል ያነበበውን ይዞ፣ ሰውን ከዳር መስመሩ ሳይሆን ከመሃሉ፣ ከደረቱና ከሆዱ ክብደት መጀመር ተለማመደ። አሁን ሕግ የሚያጣምመው ሕጉን ስለማያውቅ አልነበረም።

ይህን ለማመን የሚቸግር ካለ ቀጥሎ ያደረገውን ይይ። ያንን ሁሉ ከሠራ በኋላ፣ በ32 ዓመቱ፣ በጃንዋሪ 1886 አንትወርፕ አካዳሚ ተማሪ ሆኖ ገባ። ምን ሊስል? ጄሶ! ያንኑ የሰባበረውን ጄሶ። ቀን አካዳሚው፣ ማታ ደግሞ ሞዴል የሚያቆሙ የሥዕል ክበቦች ውስጥ ይሠራል። የሚበላው ዳቦና ቡና ነው፤ ጥርሱ ይረግፍ ጀመር። ከአስተማሪው ከሲበርት ጋር ግን አልተስማሙም። አካዳሚው ሥራውን ገምግሞ ወደ ጀማሪዎች ክፍል እንዲወርድ ሲወስን፣ እሱ ፓሪስ ቴዎ ቤት ገብቶ ነበር።

ፓሪስም ገብቶ አልተወውም። የፌርናን ኮርሞን ስቱዲዮ ተማሪ ሆነ። ቱሉዝ ሎትሬክንና ኤሚል በርናርን ያገኘው እዚያ ነው፤ ሁለቱም በዕድሜ በጣም ያንሱታል። በርናር ኋላ እንደተረከው፣ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ቪንሰንት ብቻውን የጄሶ ምስል ፊት ተቀምጦ ይስላል፣ በላጲስ ያጠፋል፣ እንደገና ይስላል፤ ወረቀቱ ተበስቶ ቀዳዳ እስኪያወጣ ድረስ። ለሞዴል የሚከፍለው ሲያጣ ደግሞ መስታወት ፊት ቆመና ራሱን ሳለ። ፓሪስ በቆየባቸው ሁለት ዓመታት የሳላቸው የራሱ ምስሎች ከ25 በላይ ናቸው። እነዚያ እንደ ራስ ወዳድ ሰልፊ የምናያቸው ሥዕሎች፣ ብዙዎቹ የነጻ ሞዴል ልምምድ ነበሩ።

በፌብሩዋሪ 1888 ወደ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ወደ አርል ሄደ። የሱፍ አበቦቹ፣ ቢጫው ቤት፣ የፖስታ ሠራተኛው ሩላን ሁሉ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ጎጋን መጥቶ ሁለት ወር አብሮት ኖረ፤ በዲሴምበር 23 ቀን 1888 ምሽት ከጠባቸው በኋላ የጆሮው ነገር ሆነ። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ። ሕመሙ እየተመላለሰ ሲያስቸግረው በሜይ 1889 ሳን ሬሚ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ተቋም በራሱ ፈቃድ ገባ። እዚያም ሞዴል ሲያጣ የሚሌን ገበሬዎች እንደገና መቅዳት ጀመረ፤ አሁን በቀለም። በሜይ 1890 ደግሞ ከስምንት ዓመት በፊት የሠራውን የሽማግሌውን ንድፍ አውጥቶ በዘይት ቀለም ሳለው። ሰማያዊ ልብስ የለበሱ፣ ፊታቸውን በጭብጣቸው የሸፈኑ አዛውንት። ‹በዘላለም ደጃፍ› በሚል የሚታወቀው ሥዕል ይህ ነው። ያኔ ዘ ሄግ ውስጥ አጥንቱን፣ የጀርባውን ጉብጠት፣ የክርኑን አቀማመጥ ባያጠና ኖሮ ይህን ሥዕል ከየት ያመጣው ነበር?

በዚያው ወር ከፓሪስ ብዙ ወደማትርቀው ኦቬር ሰር ኧዋዝ ተዛወረ። 70 ቀን ገደማ በቆየባት በዚህች መንደር በቀን አንድ ሥዕል ያህል ይሠራ ነበር። ‹በከዋክብት የተሞላው ሌሊት› ከተሳለ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። እጁ የሚፈልገውን ይታዘዛል። እንግዲህ በዚህ ጊዜ፣ በጁን መጀመሪያ ላይ ለቴዎ ደብዳቤ ጽፎ አንድ ነገር እንዲልክለት ጠየቀው። የጠየቀው የባርግን የከሰል ንድፎች ነው። ስልሳዎቹን። በአንድ ወር ውስጥ ሁሉንም እንደገና ልቀዳቸው እፈልጋለሁ፣ የሰውነት መጠንንና የራቁት ገላን ጥናት ችላ ካልኩ ኋላ እቸገራለሁ የሚል ነበር ሐሳቡ።

ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጁላይ 29 ቀን 1890፣ በጥይት ቆስሎ በ37 ዓመቱ አረፈ። ቴዎ አጠገቡ ነበር። ቴዎም ስድስት ወር ብቻ ቆይቶ በጃንዋሪ 1891 ሞተ። ሥዕሎቹን ጠብቃ፣ ደብዳቤዎቹን አሳትማ ለዓለም ያስተዋወቀችው የቴዎ ባለቤት ዮ ናት። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 2,100 የሚጠጉ ሥራዎች ትቶ ነው የሄደው፤ ከነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት በእርሳስ፣ በከሰልና በቀለም ብዕር የተሠሩ ንድፎችና በውሃ ቀለም የተሳሉ ናቸው። ቢጫ አበባዎቹን የምናውቀውን ያህል እነሱን አናውቃቸውም።

ከእናንተ መካከል ‹እኔ እኮ ሰው መሳል አልችልም፣ አልተሰጠኝም› የሚል ካለ፣ የቫን ጎግን የ1880 እና የ1881 ንድፎች በስልኩ ፈልጎ ይይ። ከዚያ የ1882ቱን ‹ሐዘን› ይክፈት። በመሃሉ ያለው ርቀት የስልሳ ወረቀት፣ የብዙ ላጲስና የአንድ ወንድም ደመወዝ ነው። ባርግም ዛሬ ለማንም ክፍት ነው፤ የሥራው መብት ካበቃ ቆይቷል። አንድ እርሳስና ደብተር ካለ ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል።

ቸር እንሰንብት።